በአንጓች ሆድ የተያዘ ሙግት

አንድ ሙግት የሚወድ ገበሬ ነበረ፤ ሚስትም ነበረችው። ታሪኩ የሚስቲቱ ነው። ግን በእኛ አገር ስለ ሴት ሲወራም ከባሏ ስለሚጀመር እኔም ከእሱ ጀመርሁ።

አንተ ልጄ፣ «እማሆይ፣ ሚስቴ የያዘችው ልጅ በመቀመጫው ነው አሉን፤ በቀዶ ጥገና ትውለድ ወይስ አምጣ ትውለድ፣ የቱ ይሻላል?» ብለህ ጠይቀኸኛል። እናትህ አንዱን ይላሉ፣ አማትህ ሌላውን ይላሉ፣ አንተ መሐል ላይ ተቀምጠሃል። ሰምቼሃለሁ። አሁን አንተ ስማኝ። ቁጣ ብታይብኝም ታገሠኝ፤ ይህን ነገር ያለ ቁጣ ማውራት አልችልበትም።

ገበሬው ክፉ ሰው አልነበረም። በሬ አጣምዶ ሲያርስ የሚያምርበት፣ ለተቸገረ የሚደርስ፣ ሚስቱን መትቶ የማያውቅ ሰው ነው። ጉዱ ሙግት ነበር። ስለ ድንበር ተሟግቶ ረትቷል፤ ስለ መስኖ ውኃ ተሟግቶ ረትቷል። ስለ አንዲት ፍየል ሲሟገት ፍየሏ ሞታ ተገኘች፤ እሱ ግን «የሞተችውም የኔ ናት» ብሎ ረታ። በመንደሩ ይህ ያስከብር ነበር። ሰው የሚመዘነው በአዝመራው ሳይሆን በአንደበቱ ነው፤ ልጆች እንኳ ሲጫወቱ አንዱ ከሳሽ አንዱ ተከሳሽ ይሆናሉ።

አንድ ልማድም ነበራቸው። ሽማግሌዎች ለነገር ከተቀመጡ በኋላ፣ መርቀው ሳያስነሡ ብድግ ያለ ባለጉዳይ እንደተረታ ይቆጠራል። ለሽንት ቢነሣም ተረታ። ከብቱ ሰው እህል ውስጥ ቢገባና ሊመልስ ቢነሣም ተረታ። አንድ ጊዜ አንዱ ተሟጋች የጎተራው ክዳን በእሳት ሲያያዝ ተቀምጦ እያየ ሙግቱን ጨረሰ አሉ። ይህን እየሳቁ፣ እየኮሩበት ያወሩታል። እኔ ሰምቼው ስቄ አላውቅም።

ሚስቱን ስም እንስጣት፣ ሌሎቹ ያለ ስም ይቅሩ። አንጓች እንበላት። አንዲት ሴት ልጅ በሰላም ተገላግላ ነበር፤ ሁለተኛውን ስትይዝ ግን ጤና ጣቢያ እየተመላለሰች ትታይ ጀመር። ወሯ ሲገፋ አዋላጇ ነርስ ሆዷን በሁለት እጇ ዳበሰች፣ ደግማ ዳበሰች።

«አንጓቼ፣ ልጅሽ ቁጭ ብሏል» አለቻት። «ጭንቅላቱ ወደ ላይ ነው፤ ወደ ታች ያለው መቀመጫው ነው።»

«መጥፎ ነው?»

«መጥፎ የሚሆነው ሳይታወቅ ሲቀር ነው። አሁን አውቀነዋል፤ ጊዜም አለን።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስረዳቻት። ልጁ በራሱ ሊዞር ይችላል። ባይዞር፣ ከተማው ሆስፒታል ያለው ሐኪም በሆዷ ላይ በእጁ እየገፋ ሊያዞረው ይሞክራል። ይህም እምቢ ካለ ሁለት መንገድ ይቀራል። በቀዶ ጥገና መውለድ ለልጁ አደጋውን ይቀንሳል፤ ለእናቲቱ ግን ቁስል ነው፣ ማሕፀኗም ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ በሚቀጥለውም እርግዝና ከሆስፒታል ርቆ መውለድ አይታሰብም። አምጦ መውለድም አለ፤ እናቲቱ ቶሎ ትነሣለች፣ ነገር ግን ገላው ወጥቶ ጭንቅላቱ የሚያዝበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የልጁ አቀማመጥና ክብደት ታይቶ፣ እንዲህ የሚመጣ ልጅ ማዋለድ የለመደ እጅ ባለበት፣ የቀዶ ጥገናውም ክፍል በአጠገብ ተዘጋጅቶ ነው የሚሞከረው።

«አንቺ ብትሆኚ የቱን ትመርጫለሽ?» አለቻት አንጓች።

አዋላጇ ሳቀች። «እኔ ብሆን እዚያ ሆኜ እመርጥ ነበር። ሁለቱም ያሉት እዚያ ነው፤ ቤትሽ ውስጥ አንዱም የለም። ሆስፒታሉ አጠገብ የእናቶች ማቆያ አለ፤ ጊዜሽ ሳይደርስ ሄደሽ ግቢ።»

አንጓች ወደ ቤቷ ስትመለስ መንገዱን ሁሉ ስታስብ ሄደች። ልጇ ገና ትታዘላለች፤ ተቀድዳ ብትመጣ ማን ያዝልላታል? ውኃውስ ከምንጭ ማን ይቀዳል? ደግሞ ሌላ ልጅ ትፈልጋለች፤ ጠባሳው ያሳስባታል። የፊተኛዋ ቀለል ብላ ነበር የወጣችው፣ ይህኛውም እንደዚያው ቢሆን በወደደች። ነገር ግን ጭንቅላቱ ተይዞ የሚቀረው የእሷ ልጅ ቢሆንስ? ይህን ስታስብ ቆማ የመንገዱን ዳር ያዘች። ከዚያ ወሰነች። ማቆያው ትገባለች፤ ለማዞር ይሞክሩላት። ካልሆነ ሐኪሙ ምጡ ይቻላል ካላት ታምጣለች፤ አይቻልም ካላት ትቀደዳለች። ኋላ ስንት ጺም የተነቀነቀበትን ነገር አንዲት እርጉዝ መንገድ ላይ ጨርሳው ቤቷ ገባች። እንዲህ የምለው እንድትይዝልኝ ነው።

ባሏ ከነገረችው ሁሉ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ቀዶ ጥገና? በእኛ ዘር ሴት በቢላ ወልዳ አታውቅም!»

«ቢላ ይሁን አላልሁም። ልሂድና ይዩኝ ነው ያልሁት።»

«ሆስፒታል የገባች ሳትቀደድ ትወጣለች? እነሱ ቢላቸውን ስለው ነው የሚጠብቁሽ።»

ነገሩ እዚህ ላይ ቢቀር አንጓች ቀስ ብላ ታለሳልሰው ነበር፤ የባሏን ጠባይ ታውቀዋለች። ወንድሟ ለበዓል ከከተማ መጣና አበላሸው። እሱ የጭነት መኪና ረዳት ነው፤ ከተማ መኖሩን ደግሞ መንደሩ እንዲያውቅለት ይፈልጋል።

«ዘመኑ የቀዶ ጥገና ነው!» ብሎ ጮኸ። «የአለቃዬ ሚስት ቀን ቆርጣ ገብታ እየሳቀች ወጣች። ምጥ የድሮ ሰው ነገር ነው። እህቴን እንደ ከብት በረት ውስጥ አታስወልዳትም!»

«የኔን ቤት በረት አልኸው?»

«አልሁት!»

አየህ፣ ባልየው ለሚስቱ ተቆረቆረ፤ ወንድምየው ለእህቱ ተቆረቆረ። ሴትዮዋ እዚያው በሩ ላይ ቆማለች። ከሁለቱ አንዱ ዞር ብሎ «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አላላትም። ጎረቤት ገላገላቸውና ነገሩ ለሽማግሌ ተሰጠ። የሰው ሆድ እንደ እርሻ ድንበር ሙግት ተያዘበት።

ሽማግሌ ተመረጠ፤ ከባል ወገን፣ ከሚስት ወገን፣ ከመሐልም ነገር አዋቂ የተባሉ አንድ አዛውንት። ከቤቱ ፊት ለፊት ወይራው ጥላ ሥር ተቀመጡ። ባል ከተቀመጠበት ሆኖ አክስቱን አስረጅ ጠራ። አክስቱ በእግሩ የመጣ ልጅ ወልደዋል፤ ልጁ ዛሬ ጎረምሳ ሆኖ ሁለት ኩንታል በአንድ ትከሻ ይሸከማል። ይህ እውነት ነው። አክስቱ ከእሱ በፊት እንዲሁ በእግሩ የመጣ ሌላ ልጅ ወልደው መቅበራቸውም እውነት ነው፤ ግን ማን ያንሣው? የሞተ ልጅ ለምስክርነት አይቀርብማ!

ወንድም ደግሞ የአለቃውን ሚስት ጠራ። ከወንዝ ማዶ አንዲት ሴት በቀዶ ጥገና ወልዳ፣ ቀጥላ አርግዛ፣ ከሆስፒታል ርቃ ምጥ ሲይዛት ጠባሳው ተተርትሮ መሞቷን ያውቃል። አላነሣትም። ሁለቱም ወገን የሞተበትን ቀብሮ የዳነለትን ብቻ ይዞ መጣ። ሙግት እንዲህ ነው፤ እውነትን የሚፈልግ ሰው የሚከስሰውንም ነገር ይዞ ይመጣል፣ መርታት የሚፈልግ ግን የሚረዳውን ብቻ ይዞ ይመጣል።

አንጓች ጠላ ታቀርብ ነበር። ያን ሆድ ይዛ፣ በአንድ እጇ ወገቧን ደግፋ፣ በሌላው ማንቆርቆሪያውን አዘንብላ ስለ ሆዷ ለሚፈርዱት ሰዎች ትቀዳለች። አዛውንቱ ቀመሱና «እጅሽ ይባረክ፤ ጥሩ ጠላ ነው» አሏት። እሷ ማንቆርቆሪያውን እንደያዘች ቆመች።

«አባቶቼ፣ አንድ ነገር ልናገር» አለች።

«ምን ቸገረሽ ልጄ? ባልሽም ወንድምሽም ይናገሩልሻል» አሉ አዛውንቱ፣ በደግነት። ከባል ወገን የተቀመጠው ደግሞ «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» ብሎ ተረተ፤ ሁሉም ሳቁ። ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች ሲባል እንሰማለን፤ በዚያ ቀን ግን ጺማቸው ደረታቸው የደረሰ ሰዎች ናቸው ለእናት ምጥ ሲያስተምሩ የዋሉት። ያን ተረት ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ አምጦ እንደማያውቅ ግን አውቃለሁ።

ሲመሽ አዛውንቱ ቀጠሮ ሰጡ። በዚያ አገር ሽማግሌ በአንድ ቀን ፈረደ ከተባለ እንደ ቀላል ሰው ይታያል። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ» አሉ፤ መረቁና ተነሡ። በሁለተኛው ቀጠሮ አንዱ ሽማግሌ ለቅሶ ስለሄደ ነገሩ ተላለፈ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» አሉ አዛውንቱ። ይህን ስለማን እግር እንደተናገሩ እንኳ አላስተዋሉም።

አንጓች ባሏን ለብቻው አገኘችው።

«እየከበደኝ ነው፤ ልጁ አልዞረም። ፈቃድህ ይሁንና ልሂድ።»

«አሁን ብትሄጂ ሙግቱን ጥለሽብኝ ሄድሽ ማለት ነው። ወንድምሽ ረታ ይባላል።»

«ልጁስ?»

«ልጁ የት ይሄዳል? ሆድሽ ውስጥ ነው።»

እንዲህ አለ። በክፋት አይደለም ያለው፤ ይህ ነው ደግሞ የሚያናድደኝ። ክፉ ሰው ቢሆን «ክፉ ነው» ብለን እንገላገል ነበር። ወንድሟን ብትለምነው ደግሞ «አይዞሽ፣ እናስፈርድበታለን፣ ከዚያ ራሴ ወስጄ አስቀድድሻለሁ» አላት። እሷ ያለችው ይዩኝ ነው፤ እሱ የሰማው አስቀድደኝ ነው።

ለምን ብቻዋን አልሄደችም ትለኝ ይሆናል። አንተ ወንድ ስለሆንህ ትጠይቃለህ። በሽምግልና መሐል ከቤቷ የወጣች ሚስት አኩርፋ እንደኮበለለች ትቆጠራለች፤ መመለሻ የላትም። ታዝላት የነበረችውን ልጅ ማን ላይ ትጥላት? ልብሷን ጠቅልላ ነበር፤ ፈታችው። ደግማ ጠቀለለችው፣ ደግማ ፈታችው።

በሦስተኛው ቀጠሮ፣ እሑድ ከቅዳሴ መልስ፣ ሁሉም ተሟልተው ተቀመጡ። አዛውንቱ ዛሬ ሊቋጩት ነው፤ ስለዚህ ከፍርዱ በፊት ምሳሌ ጀመሩ። አዎ፣ እንደኔ ምሳሌ ይወዱ ነበር። ስለ ሁለት በሬዎችና ስለ አንድ ቀንበር ነበር፤ ረዥም ነው። አንጓች ቤት ውስጥ ሆና በሬዎቹ ገና ውኃ ሳይጠጡ እንሽርት ውኃዋ ፈሰሰ።

ጎረቤቷ አብራት ነበረች። ሮጣ ወጥታ ከወይራው ጥላ ዳር ቆመች።

«አንተ ሰው!» ብላ ባልየውን ጠራችው። «ውኃዋ ፈሰሰ፤ ምጥ ይዟታል! ተነሥ፣ ሰው ሰብስብ!»

ጉልበቱ ተነሥቶ ነበር። እኔ አልዋሽበትም፣ ጉልበቱ ተነሣ። ግን ቀና ሲል ወንድምየውን አየው። ወንድምየው አልተነሣም፤ እሱን እሱን ያየዋል። ማን ቀድሞ ይነሣል? የተነሣ ተረታ። ባልየው መልሶ ተቀመጠ። «አባቶች ይጨርሱና እንነሣለን» አለ። ወንድምየውም አንገቱን ነቀነቀ። በዚያ ሁሉ ጊዜ የተስማሙት በዚህ ብቻ ነው።

ጎረቤቷ እያለቀሰች ተመለሰች። መናገር አላስፈለጋትም፤ አንጓች ሰምታዋለች። ምሰሶውን ይዛ ተነሣች። ምጡ ሲመጣ ቆመች፣ ሲያልፍ ተራመደች፣ በሩን ወጣች፣ ግቢውን አቋርጣ ሄደችና ማንም ሴት ሳትጠራ ከማትቆምበት ከሽማግሌዎቹ መሐል ቆመች። አዛውንቱ በሬዎቹን እንደያዙ ዝም አሉ።

«አባቶቼ» አለች፣ «ይህ ልጅ በእግሩ ቢመጣ እጁን ሰድዶ የሚያወጣልኝ ከእናንተ ማን ነው? እሱ ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም።

«ሆዴን ቀድዶ የሚያወጣልኝስ? እሱም ይነሣ።»

ማንም አልተነሣም።

«እንግዲያው ምኑን ነው የምትፈርዱት?»

«ግቢ ልጄ፣ ነውር ነው» አሉ አዛውንቱ ደንግጠው።

«ነውሩን ለኔ ተዉት። ቃሬዛ አምጡልኝ!»

ቃሬዛ መሸከም በዚያ አገር የወንድ ሥራ ነው። ወንዶቹ ግን ተቀምጠዋል። ጎረቤቷ ጮኸች፤ ከየቤቱ ሴቶች ወጡ፤ ቃሬዛውን ራሳቸው አውርደው፣ አንጓችን አስተኝተው፣ «ማርያም ማርያም» እያሉ ይዘዋት ወረዱ። ወንድ ልጅ ከመሐላቸው አልነበረም።

እዚያ ወይራ ሥር የሆነውን ልንገርህ፤ እንዳትስቅ። አዛውንቱ ባለጉዳዮቹ ሳይረቱ እኩል እንዲነሡ ብለው በችኮላ መመረቅ ጀመሩ። «ከክፉ ይሰውራችሁ። ማሕፀኗን ያለምልምላት። ልጁን ለወግ ለማዕረግ ያብቃላችሁ።» ሁለቱ ሰዎች እጃቸውን ዘርግተው «አሜን፣ አሜን» አሉ። ምርቃቱ ሲያልቅ እኩል ተነሡ። አንዳቸውም አልተረቱም። ያን ጊዜ ባልየው ሮጠ፤ እንደ እብድ ሮጠ፤ ሴቶቹን ከቁልቁለቱ ቀጥሎ ባለው አቀበት ላይ ደርሶባቸው የቃሬዛውን ጫፍ ከአንዷ ተቀበለ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ይሉሃል ይህ ነው።

አቀበቱ ላይ አንጓች አንድ ነገር ወደ ታች ሲወርድ ተሰማት። እጇን ሰደደች። ተረከዝ ነበር፤ ትንሽ፣ ለስላሳ፣ ሞቃት። ያዘችው። «አይዞህ» አለችው። መኪና መንገዱ ላይ እስኪደርሱ፣ መኪናውም ተለምኖ ከተማ እስኪገባ፣ ያን ተረከዝ አልለቀቀችም።

ሆስፒታል ሲደርሱ ልጁ እስከ እምብርቱ ወጥቶ ነበር። ሐኪሟ ጊዜ አላጠፋችም፤ የለመደ እጅ ነበራት፣ ያውም ጥሩ እጅ። ክንዶቹን አንድ በአንድ አወጣች። ጭንቅላቱ ግን ተያዘ። የማሕፀኗ በር ገና ሙሉ በሙሉ ሳይከፈት ነው ገላው ሾልኮ የወጣው። በመጨረሻ ወጣ። ወንድ ልጅ ነበር፤ ሙሉ ልጅ፣ ጥፍሩ ያደገ፣ ጸጉሩ የጠቆረ። ምንም አልጎደለውም። መተንፈስ ግን እምቢ አለ። ብዙ ደከሙለት፤ እምቢ አለ።

ሐኪሟ ወጥታ ባልየውን አገኘችው። ወንድምየውም ተከትሎት መጥቶ አጠገቡ ቆሞ ነበር።

«ባለፈው ሳምንት ብትመጡ ኖሮ ለማዞር እንሞክር ነበር» አለች። «ባይዞር ከእሷ ጋር ተቀምጠን ሁለቱንም መንገድ እንመዝን ነበር። የሚመዘን ነገር ነበረን። ዛሬ ስትመጡ ግን ምንም አልነበረንም።»

ባልየው ሊመልስላት አፉን ከፈተ። ያ ሁሉ አንደበት አንድ ቃል አልወጣውም። ወንድምየው ወደ ግድግዳው ዞረ።

አንጓች ተረፈች። እቤቷ ስትመለስ ሽማግሌዎቹ ሊያጽናኑ መጡ። መደቡ ላይ ተደርድረው ተቀመጡ፤ እሷ አልጋዋ ላይ ናት። ጡቷ ወተት ሞልቶ በጨርቅ ጠፍራዋለች። አዛውንቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«እንኳን አንቺን አተረፈልን ልጄ። ምን ይደረጋል? እግዜር ሰጠ፣ እግዜር ነሣ።»

«እግዜርን አይንኩብኝ!» አለች።

አዛውንቱ ቀና ብለው አዩዋት።

«እግዜር ሰጥቶኝ ነበር። ልጅም ሰጠኝ፣ ጊዜም ሰጠኝ። ጊዜውን በቀጠሮ የበላችሁት እናንተ ናችሁ። ልጄን እግዜር አልነሣኝም።»

ሽማግሌዎቹ ሊሄዱ ተነሡ። አዛውንቱ በሩ ላይ ሲደርሱ ባልየውን ክንዱን ያዙና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። ዝቅ ያደረጉ መስሏቸዋል እንጂ ጆሯቸው ስለደከመ ቤቱ ሁሉ ሰማ።

«ለመሆኑ በመጨረሻው በየትኛው ወጣ? በቢላ ነው ወይስ በምጥ? ነገሩ ተንጠልጥሎ እንዳይቀር ብዬ ነው።»

የመለሰችው አንጓች ናት፣ ከአልጋዋ ሆና።

«ሞቶ ነው የወጣው፣ አባቴ።»

አዛውንቱ ዱላቸውን በዳበሳ ፈለጉ፣ አላገኙትም፣ ያለ ዱላ ወጡ።

ልጄ፣ ምሳሌው ይህ ነው። ፊትህ ተቀያይሯል፤ ይቀያየር። ያ ገበሬ ክፉ እንዳልነበረ ነግሬሃለሁ፤ አንተም ክፉ አይደለህም። እናትህ ዘንድ ሄድህ። አማትህ ዘንድ ሄድህ። የንስሐ አባትህ ዘንድ ሄድህ። ዛሬ ደግሞ እኔ ዘንድ መጥተህ አንድ ተጨማሪ ሽማግሌ ልታደርገኝ ነው፤ እኔን መነኩሲቷን፣ ወልጄም አዋልጄም የማላውቀውን! «ሚስትህስ ምን አለች?» ብዬ ብጠይቅህ መሬት መሬት ታያለህ። እናትህ ምን እንዳሉ ቃል በቃል ነገርኸኝ፤ የአማትህንም ነገርኸኝ፤ የእሷን ግን አታውቀውም። ሆዱ የማን ነው?

ቀዶ ጥገና ይሻላል ወይስ ምጥ ትለኛለህ። እኔ ምን አውቄ! ለአንዷ ይህ ይሻላል፣ ለሌላዋ ያ። የሚያውቁት ሆዷን የዳበሱት እጆች ናቸው፤ የምትመርጠውም ቁስሉንም ጠባሳውንም ፍርሃቱንም የምትሸከመው ናት። ሁለቱም መንገድ ሰው ያድናል፤ ግን ሁለቱም የሚያድኑት እዚያ፣ ሐኪሙ ያለበት ቦታ፣ በጊዜው ለደረሰ ነው። እናንተ ቤታችሁ ተቀምጣችሁ የምትጨቃጨቁበት ሦስተኛው መንገድ ነው የሚገድለው። ያ ሰው በየትኛው መንገድ ትሂድ እያለ ሲከራከር ሚስቱን ከበሩ አላወጣትም። አንተም አላወጣሃትም። ልዩነታችሁ የእሱ ልጅ መቀበሩ፣ ያንተ ገና መራገጡ ነው።

ምን? «እናቴ ቅር ይላቸዋል»? እናትህን ተወኝ! እናትህ አንተን ወልደው ጨርሰዋል፤ አሁን ተራው የሚስትህ ነው። ሂድና እሷን ጠይቃት፣ እሷንም ያለችህንም ይዘህ ሐኪሞቹ ፊት ቁም። ደግሞ እዚህ ቁጭ ብለህ አታልቅስብኝ፤ የከተማው መኪና ገና አላለፈም።